የፀዳለ ልጅ ባነር

ፀዳለን የማያውቅ የሳንሱሲ ሰው ካለ፣ ትናንት ዕቃውን ያራገፈ ተከራይ መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ ያውቃታል። የወረዳው ደንብ አስከባሪ ናት። ሥራዋ መንገድ ላይ የሚሰቀለውን መቆጣጠር ነው፤ የቅናሽ ባነር፣ የምረቃ ፎቶ፣ የሠርግ ሸራ፣ ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ «ቤት ይከራያል» ሳይቀር። የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ከቁመቷ እጥፍ የሚሆን መሰላል በትከሻዋ አጋድማ ከአስኮ በኩል ብቅ ስትል፣ ባለሱቁ ሁሉ ከበሩ ወጥቶ የራሱን ግድግዳ ቀና ብሎ ያያል። ጥፋት የሌለበትም ያያል።

ደንቡ ራሱ ገጹ ብዙ ነው። እሷ ግን ለጠየቃት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታሳጥረዋለች። «ከመስቀልዎ በፊት ፈቃድ ያውጡ። መብራት ምሰሶና ዛፍ ላይ አያስሩ። መንገድ አያሻግሩ። ሰባት ቀንዎ ሲያልቅ ያውርዱ። አለቀ።» ልብ በሉ፣ «አንቱ» ነው የምትለው። በሥራ ሰዓት ባለጉዳይ ከሆነ ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም አንቱ ትላለች። ለአሥራ አምስት ዓመት እሳትና ጨው የተዋዋሰቻትን ጎረቤቷን ሸዋገነትን እንኳ፣ የደንብ ልብሱን ከለበሰች አንቺ አትላትም። ሸዋገነት በዚህ ስትበሽቅ አይጣል ነው።

ደግሞ እንደ አንዳንዱ ደርሳ ቢላ መዝዛ ገመድ አትበጥስም። መጀመሪያ ወረቀት ትጽፋለች፤ የባነሩን ባለቤት ስም፣ ጥፋቱን፣ ቀኑን። ባለቤቱን ታስፈርማለች። ራሱ እንዲያወርደው እስከ ስድስት ሰዓት ትታገሠዋለች። ካላወረደ በስድስት ሰዓት መሰላሏን ታቆማለች፤ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ትፈታለች፤ ባነሩን እንደ ጋቢ አጥፋ ወረዳው መጋዘን ታስገባለች። ቁጡ ሰው ሊሳደብ ሲመጣ፣ ንብረቱ ሳይቀደድ ታጥፎ ሲያገኘው ስድቡ አፉ ላይ ይቀራል።

ግትር ናት ይሏታል። ናትም። ግን ለምን እንደሆነች የሚያውቅ ያውቃል። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ ለሠርግ ተሰቅሎ የተረሳ ባነር በክረምት ነፋስ ተበጥሶ፣ ቁልቁል የሚወርድ ሚኒባስ መስታወት ላይ ተለጠፈ። ሾፌሩ መንገዱ ጠፋበት። ታክሲው ቱቦ ውስጥ ገባ፤ የወያላው ክንድ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ያንን ልጅ ጎትተው ካወጡት አንዷ ፀዳለ ነበረች። ከዚያ ወዲህ «ባነር እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚላት ሰው ሲያጋጥማት፣ ዝም ብላ ብዕሯን ታወጣለች።

እንግዲህ ይቺ ሴት አንድ ልጅ አለቻት። ማራኪ። ባሏ ሰይፈሥላሴ ግንበኛ ነበር፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲሞት ድንኳን የተከለው፣ ለቀስተኛ ያበላው፣ እሷንም በሁለት ብብቷ ይዞ ያቆማት የሰፈሩ እድር ነው። ልጅቷን ከዚያ ወዲህ ያሳደገቻት በደመወዟና በእልኋ ነው። ማራኪ ደግሞ ዝምተኛ፣ መጽሐፍ ላይ ካቀረቀረች ቤቱ ቢቃጠል ቀና የማትል ልጅ ወጣች።

ያን ሰኞ ከሰዓት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጣ። ስንቱ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ማሳለፍ በሚያቅተው በዚህ ዘመን፣ ማራኪ ሰይፈሥላሴ ከስድስት መቶ አምስት መቶ ሰባ አንድ አመጣች። ስልኩን የያዘችው ሸዋገነት ነበረች። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አንብባ፣ ስልኩን ለማራኪ መልሳ፣ ጫማዋን ሳታደርግ ግቢውን ሁለቴ ዞረችው። ፀዳለ ከሥራ ስትገባ ቤቷ በሰው ሞልቶ አገኘችው። ልጇን አቅፋ ብዙ ቆየች። ሌላ የሠራችው ነገር የለም፤ አቅፋት ቆመች።

የነገሩ መነሻ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ምሽት እነ ሸዋገነት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ሱቅ ተሰበሰቡ። ጋሽ ወልደሰንበት ቀለምና ቆርቆሮ ይሸጣሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እድሩን ዳኝተዋል። በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልቀበሩት ሽማግሌ የለም።

«ይቺ ልጅ የእድራችን ልጅ ናት» አሉ። «ባነር ይሠራላት። ትልቅ። ከፌርማታው በላይ፣ ታክሲ የሚሳፈር ሁሉ የሚያየው።»

ሁሉም ተስማማ። እዚህ ሰፈር ማንም ተስማምቶ በማያውቀው ፍጥነት ተስማሙ።

«ፈቃዱስ?» አለች ሸዋገነት።

ፈቃድ የሚጠየቀው ወረዳው ውስጥ ነው። ወረዳው ውስጥ ማመልከቻ የምትቀበለው ፀዳለ ናት። ለፀዳለ ካመለከቱ ደግሞ ፀዳለ ታውቃለች፤ እነሱ የፈለጉት እሷ ሳታውቅ፣ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ቀና ብላ እንድታየው ነው። የእሷን ደስታ ለማየት ስንቱ ቋምጧል።

ስለዚህ ምን አደረጉ? ከእሷ በቀር ሁሉንም አስፈቀዱ። የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር አስፈቀዱ። መስቀለኛው ላይ የሚቆመውን ትራፊክ አስፈቀዱ፤ እሱም «እኔን አይመለከተኝም» ሲላቸው እንደ ፈቃድ ቆጠሩት። የፀዳለን የነፍስ አባት ሳይቀር አስፈቀዱ። ጋሽ ወልደሰንበት በበኩላቸው፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ባለው ማተሚያ ቤት ባነሩ ሲሠራ ከጎኑ ቆመው፣ በቀኝ ጥጉ ላይ የእድሩ ክብ ማኅተም ትሪ አክሎ እንዲታተም አዘዙ። ማኅተም ያለውን ነገር ማንም አይነካውም ብለው ያምናሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ማኅተም ወረቀት ሰጥተው አያውቁማ።

ረቡዕ ንጋት ላይ ሰቀሉት። በስተግራ መብራት ምሰሶ ላይ አሰሩት። በስተቀኝ ባሕር ዛፍ ላይ አሰሩት። መሐሉ መንገዱን ተሻገረ።

ፀዳለ በአንድ ሰዓት መሰላሏን ይዛ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ፌርማታው ላይ ቆሟል። ዳቦ ሊገዛ የወጣ መስሎ የቆመ አለ፣ ታክሲ የሚጠብቅ መስሎ የቆመ አለ። አንዱም ግን አልተሳካለትም። እሷ ግራ ገብቷት ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዞር፣ ሸዋገነት መታገሥ አቃታትና አገጯን ወደ ላይ አነሳች። ፀዳለ ቀና አለች።

ልጇ ከሰማዩ ሥር ቁልቁል ታያታለች። ፈገግ ብላለች፤ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ከጎኗ የማኅተሙን ያህል የተጻፈ «571» አለ። በላዩ፣ ከአስኮ በኩል የሚመጣ መኪና ሩቅ ሆኖ የሚያነበው ፊደል፣ «ማራኪ ሰይፈሥላሴ» ይላል። ከሥሩ፣ «እንኳን ደስ አለሽ፤ አኮራሽን። የሰፈርሽ ነዋሪዎችና እድርሽ» ይላል።

ፀዳለን ያንሰፈሰፋት የልጇ ፎቶ ብቻ አይደለም። የባሏ ስም ነው። ሰይፈሥላሴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሠርቷል፤ ስሙ ግን በእድሩ መዝገብና በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ካልሆነ የትም ተጽፎ አያውቅም። ዛሬ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። እልልታው ቀለጠ። እሷም መሰላሉን መሬት ላይ ጥላ፣ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች። ሸዋገነት አቀፈቻት። ጋሽ ወልደሰንበት ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉበት።

ከመንገዱ ማዶ ባለክትፎ ቤቱ መኳንንት በረንዳው ላይ ቆሟል። ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ሰኞ ዕለት የእሱን የቅናሽ ባነር ፀዳለ ከዚያው መብራት ምሰሶ ላይ አውርዳበታለች፤ በወሩ ውስጥ ሁለተኛው ነው። ሁሉም እልል ብሎ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀ።

«ፀዳለ» አለ ቀስ ብሎ። «እንኳን ደስ አለሽ፤ ከልቤ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእኔዋ እስከ ስድስት ሰዓት ነበር የተፈቀደላት። ይቺስ እስከ ስንት ትቆያለች?»

የፀዳለ እንባ ገና ጉንጯ ላይ ነው። ቀና ብላ ምሰሶውን አየች፤ ባሕር ዛፉን አየች፤ በመሐል የተንጠለጠለውን አየች። ሦስቱም ጥፋት በአንድ ባነር ላይ ነው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ። ይህን ባነር ብትተወው ከዛሬ ጀምሮ የማንን ባነር ማውረድ ትችላለች? መኳንንትስ፣ ከእሱ በፊት ያስፈረመቻቸው ስንቱ ባለሱቆች፣ ምን ይሏታል? ብታወርደው ደግሞ ባሏን የቀበሩላትን ሰዎች በአደባባይ ታዋርዳለች። የልጇን ፊት በገዛ እጇ ታጥፋለች።

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ጋሽ ወልደሰንበት» አለች፣ «ፈቃድ አውጥተዋል?»

«ማኅተም አለው እኮ» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ።

«የእድሩ ነው። የወረዳው ፈቃድ አለዎት ወይ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺን አስፈቅደን አንቺን እንዴት ነው የምናስደስተው? የኔ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?»

ፀዳለ የምታውቀውን ሠራች፤ ብዕሯን አወጣች። ጥፋቱን ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች። በባለቤት ስም ቦታ ላይ «የሰፈሩ ነዋሪዎች» ብላ ጻፈች። ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ወደ ሸዋገነት ዞረች።

«ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ይፈርሙልኝ።»

«አንቱ አትበይኝ ዛሬ» አለች ሸዋገነት። «ዛሬስ እባክሽ አንቱ አትበይኝ።» ትታት ወደ ግቢዋ ገባች። ሌላውም አንድ በአንድ እግሩን አነሳ። ዳቦ ሊገዛ የመጣው ዳቦውን ሳይገዛ ሄደ።

ፀዳለ ወረቀቱን ይዛ ብቻዋን ቀረች። ትንሽ ካሰበች በኋላ መሰላሉ ላይ አስደግፋ ራሷ ፈረመች። እሷም የሰፈሩ ነዋሪ ናት። «እስከ ስድስት ሰዓት» አለችው መኳንንትን፣ ወረቀቱን ወደ እሱ እያሳየች። «እንደ እርስዎ።» መኳንንት ወደ ውስጥ ገባ።

ያን ጠዋት እንዴት እንዳሳለፈችው እሷና ፈጣሪዋ ናቸው የሚያውቁት። የአስኮን መንገድ ዞረች፣ ሁለት የተጣመሙ ማስታወቂያዎች አስነሳች፣ አንድ ሰው ተቆጣት፣ ምን እንዳላት አልሰማችም። በአምስት ሰዓት ተኩል ወደ ፌርማታው ተመለሰች። ባነሩ አለ። ነፋሱ ሲነካው የማራኪ ጉንጭ እብጥ ስርጉድ ይላል። የሥራ ባልደረባዋ እዮኤል ወሬው ደርሶት ከቢሮ በሩጫ መጥቷል።

«እኔ ላውርደው» አላት። «አንቺ ቢሮ ግቢ። ማንም አይወቅስሽም።»

«የሰውን ሁሉ እኔ አውርጄ የልጄን ሌላ ሰው ያውርደው?» አለችው። «መሰላሉን ያዝልኝ።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወጣች። መጀመሪያ የምሰሶውን ፈታች። ያኛው እሺ አላት። የባሕር ዛፉ ግን ሸዋገነት የቋጠረችው ነው፤ በደስታ ሦስት ጊዜ ደራርባ ቋጥራዋለች። ፀዳለ በጥፍሯ ታገለችው። እዮኤል ከሥር ቢላ ቢዘረጋላት ሳታየው ራሷን ነቀነቀች። በየበረንዳው ሰው ወጥቶ ያያል።

በዚህ መሐል ማራኪ መጣች። ትምህርት ቤት መምህራኖቿን ልታመሰግን በማለዳ በሌላ መንገድ ሄዳ ነበር። ስለ ባነሩ የሰማችው እዚያ ነው፤ ሦስት ጓደኞቿን አስከትላ፣ ሥሩ ቆማ ፎቶ ልትነሳ እየሳቀች መጣች። የባነሩ ግማሽ መሬት ወርዷል። ግማሹ ዛፉ ላይ ነው። እናቷ መሰላል ላይ ናት። ማራኪ ቆመች። ከጓደኞቿ አንዷ «እናትሽ ናት እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት ሌላዋ ሳቋ አመለጣት። ማራኪ በባነሩ ዳር አልፋ፣ ቀና ሳትል ወደ ቤት ሄደች። ፀዳለ ከላይ ሆና የልጇን ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አየችው። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታች።

ማታ እናትና ልጅ አንድ ገበታ ላይ ቀርበው ብዙ አልበሉም።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ማራኪ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ። «የአባባን ስም አየሽው?»

«አይቼዋለሁ።»

«እያየሽው ፈታሽው?»

«እያየሁት።» ፀዳለ የቆረሰችውን መልሳ አስቀመጠች። «ማራኪ፣ ይቅርታ አልጠይቅሽም። ልዋሽሽ አልፈልግም። ነገም ቢሰቅሉት አወርደዋለሁ። ግን ዛሬ ጠዋት ያን ባነር ሳይ የተሰማኝን ደስታ በዕድሜዬ አላየሁትም። ይህን ብቻ እወቂልኝ።»

ማራኪ ተነስታ ሳህኖቹን አነሳች። አልተቆጣችም፤ አልሳቀችምም። አልጋዋ ላይ ከወጣች በኋላ ግን ፀዳለ ልጅቷ እንዳልተኛች በትንፋሿ አወቀች።

በማግስቱ ሰፈሩ ቀዘቀዘባት። ሰላምታ አልነፈጓትም፤ ግን ሰላምታው ከአንገት በላይ ነው። ሸዋገነት በሯን ዘግታ ዋለች። ፀዳለ አንገቷን አልደፋችም። መሰላሏን ተሸክማ በመሐላቸው አለፈች።

ዓርብ ጠዋት ቢሮዋ ተቀምጣ ሳለ ተራ ከያዙት ሰዎች መሐል ጋሽ ወልደሰንበትን አየች። ካኪ ፎልደር በብብታቸው ይዘዋል። እንደ ማንም ሰው ቆመዋል፤ ሊያስቀድሟቸው የፈለጉትን «ተራዬን እጠብቃለሁ» ይላሉ። ደርሷቸው ጠረጴዛዋ ፊት ሲቀመጡ ፎልደሩን ገፋ አደረጉላት። ማመልከቻ ነው። «ለልጃችን ማራኪ ሰይፈሥላሴ የደስታ መግለጫ ባነር ለመስቀል ፈቃድ ስለመጠየቅ» ይላል።

ፀዳለ አላነበበችውም። ከወንበሯ ተነሳች። «የልጄ ጉዳይ ስለሆነ እኔ አላየውም። እዮኤል ያየዋል።»

«እንደዚያ እንደምትይ አውቄያለሁ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት መኳንንት ቤት ምሳ እየበላሁ፣ ሲያወራ ሰማሁት። ‹የልጇን እንኳ አልማረችም፤ እንግዲህ እኔም ሄጄ ፈቃድ ማውጣት ነው ያለብኝ› ይላል። ቤት ሙሉ ሰው ሰምቶ ዝም አለ። እኔም የቀረበልኝን ሳልበላ ተነሳሁ። አየሽ፣ እኛ ልጅቷን ልናከብር ወጥተን እናቲቱን አጋለጥናት። ጥፋቱ የእኛ ነው።» ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፎልደሩ ላይ አስቀመጡ። «ይኼም ለካ እድር ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው።»

ፀዳለ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። «ይግቡ፣ እዮኤል ይጠብቅዎታል» አለች።

እዮኤል ደግሞ ሥራውን የተማረው ከእሷ ነው። ሽማግሌውን የባነሩ ልክ አልተጻፈም ብሎ አንዴ፣ የመታወቂያ ኮፒ ይጎድላል ብሎ ሌላ ጊዜ መለሳቸው። «እሷ ትሻላለች» እያሉ እያጉረመረሙ ሁለቴ ደረጃውን ወጥተው ወረዱ። በዘጠኝ ሰዓት ፈቃዱ ወጣ። ያው ባነር ከመጋዘኑ በፊርማ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋትም ከኳስ ሜዳው ዳር፣ ወረዳው ለእንዲህ ያለው ብሎ ባቆማቸው ሁለት የብረት ቋሚዎች ላይ ተሰቀለ። ቦታው ከፌርማታው ፊት ለፊት ነው። ምሰሶ አልነካም፣ ዛፍ አልነካም፣ መንገድም አልተሻገረም። ከሥሩ የፈቃድ ቁጥሩና «ሰባት ቀን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሸዋገነት የዚያን ቀን ወደ ፀዳለ ቤት መጣች። በር ላይ ቆማ፣ «ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ልብሱን አልለበስሽም አይደል?» አለች።

«አልለበስኩም።»

«እንግዲያው አንቺ በይኝ።»

«አንቺ ዘላን፣ ግቢ» አለቻት ፀዳለ፤ ተቃቀፉ።

ሰባት ቀን። ፀዳለ ሰባቱንም ጠዋት ከባነሩ ፊት ለፊት ትቆማለች። በሥራ ቀን ከሆነ መሰላሉን ከትከሻዋ ታወርዳለች። የልጇን ስም ታነባለች፤ የባሏን ስም ታነባለች፤ ቁጥሩን ታነባለች። ደንቡን ጠብቆ የተሰቀለ ስለሆነ ዓይኗን የሚያሰብራት ነገር የለም፤ እስክትጠግብ ታያለች። ሰው አያት አላያት ግድ አልነበራትም። ማራኪም በሰባቱ ቀን ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ ተነስታለች። ነገር ግን ስለ ረቡዕ ዕለቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ፀዳለም አልጠየቀቻትም። ምግብ አብረው ይበላሉ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው ምርጫ ያወራሉ፤ ያ ነገር ግን በመሐላቸው እንደተቀመጠ ነው። ልጅቷ በእናቷ ሥራ ታፍር እንደሆነ ፀዳለ ማወቅ ትፈልጋለች፤ ለመጠየቅ ግን ድፍረቱን አጣች። ያቺ የሰው ሁሉ ባነር የምታወርድ ሴት፣ ከልጇ ያን አንድ ቃል መስማት ፈራች።

በሰባተኛው ቀን ማታ ፈቃዱ አበቃ። ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ወረዳው ግን ደንብ አስከባሪዎቹን በፈረቃ ያሠራልና ተራዋ ነበር። ፀዳለ በንጋት ተነሳች። ሰፈሩ ሳይነቃ፣ ማራኪ ሳታይ ልታወርደው ነው ያሰበችው፤ ሁለተኛ ጊዜ በልጇ ፊት መሰላል ለመውጣት አቅም የላትም። ልብሷን ለብሳ ወደ ግቢው ስትወጣ መሰላሉ ከተደገፈበት ግድግዳ ላይ የለም።

«ይኼን መሰላል ማን አነሳው?» እያለች፣ ደሟ ፈልቶ፣ ወደ መንገዱ ወጣች። ፌርማታው ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ።

መሰላሉ ከብረቱ ቋሚ ላይ ቆሟል። ከሥር ጋሽ ወልደሰንበት በአንድ ወገን፣ ሸዋገነት በሌላ ወገን ጥርቅም አድርገው ይዘውታል። መኳንንት በፓጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ፣ የወረደው የባነሩ ጫፍ መሬት እንዳይነካ በሁለት እጁ ተሸክሞ ቆሟል። ላይ፣ መሰላሉ ጫፍ ላይ፣ ማራኪ አለች። ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ቋጠሮ ትፈታለች።

«ማራኪ!»

ልጅቷ ቁልቁል አየቻት። እንደ ባነሩ ላይ ጥርሷን አላሳየችም፤ ፊቷ ኮስተር ያለ ነው፤ ሥራ ላይ ናት።

«ጊዜው ትናንት አልቋል እማ» አለች። «የእኔ ነው። እኔ ነኝ ማውረድ ያለብኝ።» ወደ ቋጠሮዋ ተመለሰች። ከዚያ ሳታያት፣ ገመዱን እየሳበች፣ ቀስ ብላ ጨመረች፦ «ያን ቀን መሰላሉን ልይዝልሽ ይገባ ነበር። ትቼሽ መሄዴ ሲያሳፍረኝ ነው የሰነበተው።»

ፀዳለ ሳምንቱን ሙሉ ‹አፈርኩብሽ› እንዳትላት ስትፈራ ነበር፤ ልጅቷ ለካ ያፈረችው በራሷ ነው። ጋሽ ወልደሰንበት «እኛ ልንወጣ ብንል እንቢ አለችን» አሉ። ሸዋገነት ዓይኗን በትከሻዋ ጠረገች፤ መሰላሉን ስለያዘች እጅ አልነበራትም።

ከአስኮ የመጣ ሚኒባስ ሰው ሊጭን ቆመ። ወያላው በመስኮት ብቅ ብሎ መሰላሉንም ሰዉንም አየ። የደንብ ልብስ የለበሰችውን ፀዳለን አየ።

«እናት» አላት፣ «አምስት መቶ ሰባ አንድ ያመጣችው ልጅ የማን ናት? ሳምንቱን ሙሉ ተሳፋሪ ሁሉ ሲጠይቀን ነው የከረመው።»

ፀዳለ ወደ ልጇ ቀና አለች። የመጨረሻው ቋጠሮ እጇ ላይ ተፈቷል።

«ቁጥሩን ያመጣችውም የእኔ ናት፣ ይቺ መሰላል ላይ ያለችውም የእኔ ናት» አለች፣ ከጦር ኃይሎች የሚሳፈረው እንኳ ሊሰማት በሚችል ድምጽ። «እዩዋት፤ ልጄ ናት።»